መጀመሪያ «ለምን ያዛችሁት?» በሉ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት የሕግ ተማሪ ደውላልኝ ነበር። «ጋሼ፣ በሽብር የተጠረጠረ ሰው ‹ያለ ሕግ ታስሬያለሁ› ብሎ ፍርድ ቤት መሄድ ይገባዋል?» አለችኝ። ለክርክር ውድድር ነው። የደረሳት ወገን «አይገባውም» የሚለው ነው። የደረሰሽን ተከራከሪ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም።

ጥብቅና በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት የምሳ ዕቃ ይዘው ቢሮዬ መጡ። ልጃቸው ከተያዘ ዘጠኝ ቀኑ ነበር። አንዱ ጋ ሲሄዱ «እዚህ የለም»፣ ሌላው ጋ ሲሄዱ «አናውቀውም» ይሏቸዋል። ስንቁን መልሰው ይዘውት ይዞራሉ። የምሳ ዕቃውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው «ካጠፋ ይቀጣ። ብቻ የት እንዳለና ለምን እንደያዙት ይንገሩኝ» አሉኝ። የዚያኑ ቀን አካል ነፃ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም «ያለ ሕግ ታስሯል» የሚል ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ሁለት ገጽ አይሞላም። ዳኛው «ይዛችሁት ቅረቡ፤ የያዛችሁበትንም ምክንያት አስረዱ» ብለው አዘዙ። ልጁ በነጠላ ጫማ ችሎት ቀረበ።

መብቱ እናትየው ያሉት ነው፤ ከዚያ አይበልጥም። ሰውየው ንጹህ ነው አይልም። ፍቱት እንኳ አይልም። አሳሪው ዳኛ ፊት ቆሞ ምክንያቱን ይናገር ነው የሚለው።

«ሽብር ግን ይለያል» ትሉኝ ይሆናል። እንግዲያው የላክዳር ቡመዲየንን ጉዳይ አንብቡ። አልጄሪያ ተወልዶ የቦስኒያ ዜግነት ያገኘ፣ ሳራዬቮ ውስጥ ለቀይ ጨረቃ የሚሠራ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካን ኤምባሲ ሊያፈነዳ አሲሯል ተብሎ ከአምስት ሌሎች ጋር ተያዘ። የቦስኒያ ፍርድ ቤት መርምሮ ይፈታ አለ። ከእስር ሲወጣ ለአሜሪካኖች ተሰጠና ኩባ ውስጥ ያለው የአሜሪካ ጦር እስር ቤት፣ ጓንታናሞ ገባ። የ2008ቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በእሱ ስም የሚጠራ ነው። አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ጓንታናሞ ያሉ እስረኞችም እስራቸውን በፍርድ ቤት መቃወም ይችላሉ ተባለ።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ጉዳዩ ወደ ሥር ፍርድ ቤቱ ዳኛ ሪቻርድ ሊዮን ተመለሰ። እኚህ ዳኛ በ2005 የእነዚሁኑ ሰዎች አቤቱታ «መብት የላችሁም» ብለው የዘጉ ናቸው። አሁን ግን ማስረጃውን የማየት ግዴታ መጣባቸው። የኤምባሲውን ክስ መንግሥት ራሱ ትቶታል። ከስድስቱ ቡመዲየንን ጨምሮ በአምስቱ ላይ የቀረበው ማስረጃ ደግሞ ስሙ ካልተገለጸ የአንድ ሰው ጥቆማ የመጣ ሆኖ ተገኘ። ዳኛው አምስቱ ይፈቱ አሉ። ያው ዳኛ፣ ያው ሰዎች። የተለወጠው መዝገቡ መከፈቱ ብቻ ነው። ለዚያ ሰባት ዓመት ፈጀ።

«አደገኛውስ ቢለቀቅ?» ለሚል፣ ስድስተኛውን ዳኛው አልለቀቁትም። እሱም ይግባኝ ብሎ ውሳኔው ተሽሮለታል። ዳኛ ሊሳሳት ይችላል። ሲሳሳት ግን የሚታረምበት በር አለ።

የእኛም አገር ልጅ እዚያ ነበር። ኢትዮጵያ ተወልዶ እንግሊዝ ይኖር የነበረው ቢንያም መሐመድ እ.ኤ.አ. በ2002 ፓኪስታን ውስጥ ተይዞ፣ ሞሮኮ ተወስዶ ተሰቃየሁ ብሎ፣ ጓንታናሞ ደረሰ። ክሱ ተነስቶለት በ2009 ወደ እንግሊዝ ተመለሰ።

እኛ ጋም ቢሆን ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር የ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብር አዋጅ ተጠርጣሪን ለምርመራ አስሮ ለማቆየት አንዴ ቀጠሮ ሲሰጥ ቢያንስ 28 ቀን፣ በድምሩ እስከ አራት ወር ይፈቅድ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቷል። «ምርመራዬን አልጨረስኩም» የሚለው ልማድ ግን በአዋጅ ብቻ አይሻርም። ዐቃቤ ሕግ የምትሆኑ፣ ተጨማሪ ቀን ከመጠየቃችሁ በፊት ባለፈው ቀጠሮ ምን እንደሠራችሁ ለራሳችሁ መልሱ። ዳኛ የምትሆኑ፣ «ሽብር» የሚለው ቃል ከመዝገቡ ሽፋን ላይ ቢነሳ ውስጡ ምን እንደሚቀር እዩ።

ጠበቃ የምትሆኑ ደግሞ፣ ቤተሰብ እያለቀሰ ሲመጣባችሁ «ምን አድርጎ ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። የተያዘበትን ቀንና ሰዓት ጠይቃችሁ ጻፉ። የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት እንዲቀርብ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የሰጠው አርባ ስምንት ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው ከዚያ ነው።