አሠራሩ የታለ?

ውድ ወጣቶች፣

የሒሳብ መምህራችን በቅርቡ አረፉ። ደብረ ብርሃን ውስጥ አባትን አስተምረው ልጁንም ያስተማሩበት ቤት ሞልቷል። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ነጋዴው፣ ነርሷ፣ ሹፌሩ፣ ሁሉም የሚያነሳው አንድ ጥያቄያቸውን ነበር፦ «አሠራሩ የታለ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብተራችንን ሰብስበው ቤታቸው ወስደው ያርሙ ነበር። መልሱ ልክ ሆኖ አሠራሩ ከሌለ ግማሽ ማርክ ነው የሚሰጡት። መልሱ ተሳስቶ አሠራሩ ካለ ግን በቀይ እስክሪብቶ መስመር በመስመር ይከተሉታል። ስህተቱ የጀመረበት ቦታ ላይ ትንሽ ክብ ያደርጋሉ። ኤክስ አያደርጉም። በማግስቱ ሰሌዳ ላይ ያወጡንና «እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርክ። እዚህ ጋ ስትደርስ ምን አሰብክ?» ይላሉ። አንድ ክፍል ውስጥ ከ70 በላይ ነበርን። ይህ ስንት ምሽት እንደሚበላ የገባኝ የራሴን ልጆች ማስጠናት ስጀምር ነው።

ሥራ የጀመሩት ገጠር ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ቀን ሕፃናቱን፣ ማታ ደግሞ ወላጆቻቸውን በኩራዝ ያስተምሩ ነበር። ዘመቻው ኋላ ላይ በ15 ቋንቋዎች የተሰጠና ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘ ነው። እሳቸው ግን ስለ ሽልማቱ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። የሚያወሩት ስማቸውን መጻፍ ችለው፣ ለፊርማ አውራ ጣታቸውን ቀለም መንከር ስላቆሙ እናቶች ነበር።

በ60 ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። ከዚያም በኋላ የሰፈር ልጆች ደብተራቸውን ይዘው በረንዳቸው ላይ ይሰበሰባሉ። ገንዘብ አይቀበሉም ነበር፤ የጡረታ አበሉ ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

እኔ የድልድይ መሐንዲስ ነኝ። ዛሬ ወጣት ባለሙያዎች ከሶፍትዌር የወጣ ቁጥር ይዘውልኝ ይመጣሉ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። «ከየት መጣ?» ስላቸው ግን ዝም ይላሉ። በዚያ ድልድይ ላይ ሰው የሞላው አውቶቡስ ነው የሚያልፈው! እባካችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ዋና ዋናውን ስሌት አንዴ በእጃችሁ ሥሩት። ሲሳሳትባችሁም ወረቀቱን ቀዳችሁ አትጣሉ። ከነስህተቱ ለሚበልጣችሁ ሰው አሳዩትና የቱ መስመር ላይ እንደሳታችሁ አብራችሁ ፈልጉ። ሐኪምም ሁኑ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ይሄ ለእናንተም ነው።

ደግሞ ጡረታ የወጡ መምህር ካሏችሁ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ለእንቁጣጣሽ መደወልም ደግ ነው፤ መሄድ ግን ይበልጣል። ቡና ጠጡ፣ ስለ ሥራችሁ በዝርዝር አጫውቷቸው። ስትገቡ ግን «አወቁኝ?» እያላችሁ አታስጨንቋቸው። ስንት ሺህ ልጅ አስተምረዋል፤ የእናንተም መልክ ተቀይሯል። ስማችሁን ከነአባታችሁ ንገሯቸው፤ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ስንተኛ ክፍል እንዳስተማሯችሁም ጨምሩበት።