ጥያቄና መልስ፦ በጉ አተረፈ ወይስ አላተረፈም?

ዛሬ ማታ ስለ እርሻ ሒሳብ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። የበሽታውን ነገር ለእንስሳት ሐኪም ተዉለት። አንዷን ግን ቀድሜ ልበል፦ ሳትጽፉ አትበደሩ።

ከኩታበር፦ ጋሼ፣ ሁለት በግ በ14 ሺህ ገዝቼ 90 ቀን አደለብኩ። በ19 ሺህ ሸጥኩ። 5 ሺህ አተረፍኩ፣ ግን እጄ ላይ ምንም የለም። የት ገባ?

መልስ፦ ይቺን ስጠብቃት ነበር። ወንድም ዓለም፣ 5 ሺህ አላተረፍክም። መኖው፣ ፉርሽካና ፋጉሎው፣ ስንት ፈጀ?

ከኩታበር፦ 3,200 ገደማ። መድኃኒት 300። መኪናና ደላላ 400።

መልስ፦ ደምረው። 17,900 ወጣ፣ 1,100 ቀረህ። ለ90 ቀን ሲካፈል በቀን 12 ብር ነው። ሳር ያጨደው ልጅህ ገና አልተቆጠረም።

እኔም እንዳንተው ነበርኩ። የመጀመሪያዎቹን በጎች ባቲ ሰኞ ገበያ ሸጥኩና ስመለስ ዘይት ገዛሁ፣ ለልጅ ጫማ ገዛሁ፣ እቁብ ጣልኩ። በሳምንቱ ሌላ በግ ልገዛ ስል ኪሴ ባዶ። «ከሰርኩ» ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ኧረ ምን ከስሬ፣ በልቼው ነው! ከዚያ ወዲህ የበጉ ብር ቀኝ ኪስ፣ የቤቱ ግራ ኪስ ነው። ለአንድ ዙር አንድ የደብተር ገጽ እይዛለሁ፤ በግራ የወጣ፣ በቀኝ የገባ። በዚያው ማታ ይጻፋል። ካደረ የጨው ዋጋ ይረሳል።

ያንተን 17,900 ለሁለት በግ አካፍለው። 8,950 ይሆናል። ከዚያ በታች ከሸጥክ ከኪስህ እየጨመርክ ነው። ይህን ቁጥር ሳትይዝ ገበያ አትውጣ። ደላላው ፊትህን አይቶ ያውቅብሃል።

ከሐርቡ፦ ማሾ ይሻላል ጤፍ?

መልስ፦ የሁለቱን ወጪ ጽፈህ ና።

ከመርሳ፦ ሽንኩርት ነቅለን ገዢ ጠፋ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ የመስኖው ሰው ሁሉ በአንድ ሳምንት ተክሎ በአንድ ሳምንት ይነቅላል። ማሳህን ሦስት ቦታ ክፈለው፤ በሦስት ሳምንት ልዩነት ትከል። አንዱ ዋጋ ቢያጣ ሌላው ያገኛል። ችግኝ ሳታፈላም ነጋዴውን አናግር።

ከቆቦ፦ የመርሳ ሽንኩርት ውኃ ስለሚበዛበት ቶሎ ይበሰብሳል እኮ።

ከመርሳ፦ የናንተው ነው እንጂ! ባለፈው ደሴ ላይ የተደፋው የማን ነበር?

ከቆቦ፦ ከአንድ ማሳ ስንት ኩንታል ታወጣለህ? እስቲ ተናገር።

መልስ፦ ጀማው፣ ክርክሩን ቡና ላይ ጨርሱት። የሁለታችሁም ዋጋ አጥቷል።

ከደሴ፦ እንቁላል እሸጣለሁ። በዐቢይ ጾም ዶሮዎቹ ዕዳ ይሆኑብኛል።

መልስ፦ እታለም፣ 55ቱ ቀን በየዓመቱ ይመጣል፤ ድንገተኛ አይደለም። ያረጁትን ዶሮዎች ከቅበላው በፊት ሽጪ፣ አዳዲሶቹን ለፋሲካ አድርሺ። ደግሞ ያለሽው ወሎ ነው። የማይጾም ጎረቤት ሞልቶልሽ የለ? ደንበኛ ከዚያም ያዢ።

ከወልድያ፦ ቢዝነስ እንዴት ይጀመራል?

መልስ፦ የምን? የት? በስንት ብር? እንዲህ ያለ ጥያቄ አልመልስም።

ከሐይቅ፦ ለማዳበሪያና ለዘር ብድር ልውሰድ?

መልስ፦ መክፈያው መቼ ነው? ሰብልህ ኅዳር ላይ የሚደርስ ከሆነና ክፍያው ከነሐሴ ጀምሮ በየወሩ ከሆነ፣ ጊደርህን ሸጠህ ልትከፍል ነው። እርሻ በየወሩ ደመወዝ አይከፍልም። ከመፈረምህ በፊት አሥራ ሁለቱን ወር በተርታ ጻፍ፤ በየትኛው ብር ይገባል፣ በየትኛው ይወጣል? ሳትጽፍ አትበደር አላልኩም?

ከሐርቡ፦ ጋሼ፣ ማሾውን አልመለሱልኝም።

መልስ፦ ወጪውን አልጻፍክልኝም።

ከሐርቡ፦ በግምት ቢነግሩኝስ?

መልስ፦ በግምት ጎረቤትህን ጠይቅ።

ከኩታበር፦ ጋሼ፣ ደብተር ገዛሁ። 60 ብር። እሱንም ልጻፈው?

መልስ፦ አዎ። በግራ በኩል።