የግብዣው ደብዳቤ ሲደርሳችሁ፦ ለኮሚውኒቲ ኮሌጅ ተማሪ ልጆቼ

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና እየጠጣን ሳለ አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። «እትዬ፣ እርስዎ እዚህ አገር ተምረዋል፤ እስቲ ይቺን ይዩልኝ። ስካም ናት እንዴ?» አለኝ። ከሚማርበት የሁለት ዓመት ኮሚውኒቲ ኮሌጅ የተላከ ኢሜይል ነው። ውጤትህ ከፍተኛ ስለሆነ የፋይ ቴታ ካፓ አባል እንድትሆን ተጋብዘሃል ይላል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ 85 ዶላር ይጠይቃል። ልጁ ቀን ተማሪ፣ ማታ ኤርፖርት ሻንጣ ጫኝ ነው። 85 ዶላር ለእሱ የአንድ ምሽት ጉልበት ነው። «ስካም አይደለም፣ ግባ» ካልኩት በኋላ ሰው ጠራኝና ተነሣሁ።

ያ አጭር መልስ ሲከነክነኝ ሰነበተ። «ግባ» ብሎ ማለፍ ምክር አይሆንም። ለእሱም፣ ማታ እየሠራችሁ ቀን ለምትማሩ ሁሉ፣ ያኔ ልናገረው ይገባኝ የነበረውን እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው? ኦነር ሶሳይቲ ጥሩ ውጤት ያላቸው ተማሪዎች የሚሰባሰቡበት ማህበር ነው። ስሙ የገነነው ፋይ ቤታ ካፓ እ.ኤ.አ. በ1776 የተመሠረተ ሲሆን የአራት ዓመት ኮሌጆች ነው። የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተማሪዎች የራሳቸውን ያገኙት በ1918 ሚዙሪ ውስጥ ፋይ ቴታ ካፓ ሲቋቋም ነው፤ በ1929 ደግሞ የአሜሪካ የጁኒየር ኮሌጆች ማህበር የዘርፉ ይፋዊ ኦነር ሶሳይቲ አድርጎ ተቀበለው። አብዛኛውን ጊዜ ለመጋበዝ ቢያንስ 12 ክሬዲት መጨረስና 3.5 ገደማ ጂፒኤ መያዝ ያስፈልጋል። ክፍያው እንደየኮሌጁ ቢለያይም የሚከፈለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ ማህበሩ እውነተኛ ነው። ለእናንተ ይጠቅማል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ደብዳቤው ለእኔም ደርሶኝ ነበር። ጊዜው እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ መጨረሻ ነው፤ በዲቪ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ። ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። በዚያች ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ መኪና በማይገባበት ሰዓት አካውንቲንግ አጠና ነበር፤ ከጎኔ የነበሩት ማቆሚያዎችም ውስጥ እንደኔ ደብተር ዘርግተው የሚያመሹ የአገሬ ልጆች ነበሩ። ፖስታው ሲመጣ ገንዘብ የሚጠይቅ ወረቀት ሁሉ ማስታወቂያ ነው ብዬ ሳልጨርሰው ጣልኩት። በዓመቱ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ለማድረግ፣ ማለትም ለመሸጋገር፣ ስዘጋጅ ከዩኒቨርሲቲው የስኮላርሺፕ ዝርዝር ውስጥ ለእኔ የሚመጥን አንድ አገኘሁ፤ የሚሰጠው ለዚያ ማህበር አባላት ብቻ ነበር። ጊዜው አልፎብኝ ነበር።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። ለዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ የመምህር የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልገኝ ስለነበር ሁለት ሴሚስተር ያስተማሩኝ፣ ሁለት ጊዜ ኤ የሰጡኝ መምህር ቢሮ ሄድኩ። መዝገባቸውን ገልጠው አዩ። «ስምሽ እዚህ አለ፣ ውጤትሽም ግሩም ነው፤ ፊትሽን ግን ማስታወስ አቃተኝ» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም ከልባቸው አፍረው ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ወደ አውቶቡስ ስሮጥ ነው የኖርኩት። በእንግሊዝኛዬ ይስቁብኛል ብዬ አንድም ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም። የጻፉልኝ ደብዳቤ አራት መስመር ነበር፤ ውጤቴን ከመድገም በቀር ምን ሊሉ ይችላሉ?

እኛ ያደግነው ጎበዝ ተማሪ ዝም ብሎ ያዳምጣል እየተባልን ነው። ማትሪክ ተፈትነህ ውጤትህ ይመጣል፤ ምደባህን ትጠብቃለህ፤ ማን እንደሚያውቅህ የሚጠይቅህ የለም። እዚህ ግን ማመልከቻው ራሱ «ከክፍል ውጭ ምን ሠራህ? ማንን መራህ? ማን ይመሰክርልሃል?» ብሎ ይጠይቃል። የስደተኛ ልጅ ክፉኛ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ጊዜውን ሥራ ይበላዋል፣ ቤተሰብ ይበላዋል፤ ጂፒኤው 3.9 ሆኖ የሚያውቀው አንድ ሰው እንኳ አይኖርም።

የማህበሩ ጥቅም ለእኔ ከዚህ የሚመነጭ ነው። እያንዳንዱ ቻፕተር፣ ማለትም በየኮሌጁ ያለው የማህበሩ ቅርንጫፍ፣ ከኮሌጁ መምህራን ወይም ሠራተኞች የተመደበ አድቫይዘር (አማካሪ) አለው። ስብሰባ አለ፣ የምርምር ሥራ አለ፣ ለኮሌጁ የሚሠራ ፕሮጀክት አለ፣ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣል። አንድ ሴሚስተር እንኳ ከልብ የተሳተፈ ልጅ ከአራት መስመር በላይ ሊጽፍለት የሚችል ሰው ያፈራል። እድራችንን አስቡት። ወርሃዊ መዋጮውን ሳያጓድል እየከፈለ ቀብር የማይወጣ፣ ድንኳን የማይተክል ሰው ስሙ መዝገብ ላይ ይኖራል፤ ሰው ግን አያውቀውም። ኦነር ሶሳይቲም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ከፍላችሁ የማትሄዱ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ። ይህን የምለው ለብዙ ዓመታት በመሥሪያ ቤቴ ጀማሪ የሂሳብ ሠራተኞችን ስቀጥር ስለኖርኩ ነው። ሲቪ ላይ «የኦነር ሶሳይቲ አባል» የሚል መስመር ሳይ አልፈዋለሁ፤ ጂፒኤው ያንኑ ነግሮኛልና። «የቻፕተሩ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ» የሚል ሳይ ግን ብዕሬን አስቀምጬ እጠይቃለሁ፦ በጀቱ ስንት ነበር? ሂሳቡ ሳይገጥም ሲቀር ምን አደረግሽ? አንዲት ልጅ ለዚህ ጥያቄ አሥር ደቂቃ ሙሉ መለሰችልኝ፤ ቀጠርኳት። ዛሬ ከእኔ በላይ ደርሳለች።

ገንዘቡንም እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ላስላላችሁ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከኮሚውኒቲ ኮሌጅ በትራንስፈር ለሚመጡ የፋይ ቴታ ካፓ አባላት የተለየ ስኮላርሺፕ ይመድባሉ። መጠኑ በጣም ይለያያል፤ አንዱ ጋ ትንሽ ድጎማ ነው፣ ሌላው ጋ የትምህርት ክፍያውን ደህና አድርጎ ይቀንሳል። እናንተ ማድረግ ያለባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ልትሄዱባቸው ያሰባችኋቸውን ሁለት ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች የትራንስፈር ቢሮ መጠየቅ ነው፦ ለአባላት የሚሰጥ አለ ወይ? አባል መሆን ያለብኝ እስከ መቼ ነው? የሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆን አለብኝ ወይ? እኔ የወደቅኩት በሁለተኛው ጥያቄ ነው። አንዳቸውም ከሌላቸው የገንዘቡ ምክንያት ቀረ ማለት ነው፤ የሰዉ ምክንያት ብቻ ይቀራል። በተማሪ ቪዛ ለመጣችሁት ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ ፋፍሳ በሚባለው የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ የፌዴራል እርዳታ ስለማታገኙ ከዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚመጣ እያንዳንዱ ዶላር ለእናንተ ሌላ ክብደት አለው።

ትልልቁ ገንዘብ ሁሉ በዚህ በር ነው የሚያልፈው እንዳትሉ ደግሞ። እዚሁ ቨርጂኒያ ያለው የጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን ከኮሚውኒቲ ኮሌጅ ለሚሸጋገሩ ተማሪዎች በዓመት እስከ 55,000 ዶላር ይሰጣል፤ አባል ሁኑ አይልም። እሱም ቢሆን ግን ስለ እናንተ በደንብ የሚጽፍ ሰው ይጠይቃል።

85 ዶላሩ ከአስቤዛ የሚቀነስ ከሆነ አታፍሩ፣ አድቫይዘሩን በግልጽ ንገሩት። ለአቅመ ደካማ ተማሪ የአባልነቱን ክፍያ የሚሸፍኑ ቻፕተሮችና የኮሌጅ ፋውንዴሽኖች አሉ። ስለ ሌሎቹ ግብዣዎች ደግሞ አንድ ነገር ልበላችሁ፦ የግሪክ ፊደል የለጠፈ ሁሉ ማህበር አይደለም። ኮሌጃችሁ ውስጥ ቻፕተር ከሌለው፣ የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ ካላወቀው፣ የምታነጋግሩት መምህር ከሌለው አትክፈሉ። ይህን ለማጣራት አንድ የስልክ ጥሪ ብቻ ይበቃችኋል።

ሰርተፍኬት ግድግዳ ላይ ሰቅለው ለአገር ቤት ፎቶ መላክ የሚፈልጉ ወላጆችም አሉ። አልነቅፋቸውም፤ ልጃቸው በምርቃቱ ቀን የማህበሩን ወርቃማ የአንገት ልብስ ለብሶ ሲያዩት የሚሰማቸው ደስታ እውነተኛ ደስታ ነው። ለነርስነት የሚያጠና፣ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የማይሸጋገር፣ ቅዳሜና እሁድም የሚሠራ ልጅ ግን ለዚህ ፎቶ ብሎ እንቅልፉን እንዲቀንስ አልመክረውም። እሱን የክሊኒክ ልምምድ ላይ ያሉት አስተማሪዎቹ ቢያውቁት ይሻለዋል።

ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ልጁ ደወለልኝ። ኮሌጁ ሄዶ ጠይቋል፤ የቻፕተሩ ስብሰባ ረቡዕ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው፣ እሱ ሥራ የሚገባው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ይደርሳል። «መጀመሪያ ገብቼ ምን ልበል እትዬ?» አለኝ። ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥ አልኩት፤ ስምህን ንገራቸው፣ አጥፍተው ሲጠሩህ ደግሞ ዝም እንዳትል፣ እስኪያስተካክሉት ድረስ ድገምላቸው አልኩት።