ስለ ካሺማ አንትለርስ ጠይቃችሁኛል፤ እነሆ መልሱ

ሰሞኑን ስለ ጃፓን እግር ኳስ ሊግ ትንሽ ነገር ጻፍ ባደርግ የጥያቄ መዓት ወረደብኝ። አብዛኛው ስለምደግፈው ክለብ፣ ስለ ካሺማ አንትለርስ ነው። እንግዲህ እንደ አመጣጡ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቶኪዮ፣ ኦሳካ፣ ዮኮሃማ እያሉ ይሄ ካሺማ የምትለው የት ያለ አገር ነው?

ከቶኪዮ በስተሰሜን ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ኢባራኪ በሚባለው ግዛት፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር ነው። የከተማዋ ሕዝብ ዛሬም 70,000 አይሞላም። ጥንታዊ የሺንቶ ቤተ መቅደስ አላት፣ ግዙፍ የብረት ፋብሪካ አላት፣ ክለቡ አላት። ሌላ ብዙም የለም። የክለቡ ስምና አርማም የመጣው እዚያ ቤተ መቅደስ ውስጥ እንደ ቅዱስ ከሚታዩት አጋዘኖች ቀንድ ነው።

ጥያቄ፦ መነሻው የፋብሪካ ቡድን ነው ይባላል። እንደ እኛዎቹ ንግድ ባንክና መድን ማለት ነው?

በመነሻው አዎ። በ1947 ኦሳካ ውስጥ የሱሚቶሞ ብረታ ብረት ኩባንያ ሠራተኞች ቡድን ሆኖ ተመሠረተ። በ1975 ኩባንያው ትልቅ ፋብሪካ ወዳለበት ወደ ካሺማ አዛወረው። ያኔ ጃፓን ውስጥ ትልልቆቹ ቡድኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም የኩባንያ ነበሩ።

ከዚያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጄ ሊግ የሚባል የፕሮፌሽናል ሊግ ሊቋቋም ነው ተባለ። ደንቡ ጠንከር ያለ ነበር። ክለቦች የኩባንያውን ስም ትተው ከአንድ ከተማ ጋር መተሳሰር አለባቸው። ሱሚቶሞ ያን ጊዜ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ላይ ነው፤ ከተማዋም ትንሽ ናት። ግን ኩባንያውም ከተማውም አንድ ጭንቀት ነበረባቸው። ወጣቱ ከሥራ ሲወጣ የሚሄድበት ስለሌለው እዚያ መኖር አይፈልግም። ስለዚህ አመለከቱ።

የሊጉ መሪ ሳቡሮ ካዋቡቺ የሰጧቸው መልስ እስከ ዛሬ ይወራል። «99.9999 በመቶ አይሆንም» አሏቸው። 15,000 ሰው የሚይዝ፣ ጣሪያ ያለው የእግር ኳስ ስታዲየም ከሠራችሁ ግን እናያለን። ይህን የተናገሩት ተስፋ እንዲቆርጡ ነበር። እነዚያ ግን ከግዛቱ መንግሥት ጋር ሆነው ስታዲየሙን ሠሩት! በ1993 ሊጉን ከጀመሩት 10 ክለቦች አንዱም ሆኑ።

ጥያቄ፦ ዚኮ ለጡረታ ገንዘብ ብሎ ነው አይደል የሄደው?

ገንዘብ አልተከፈለውም አልልህም። ግን አስበው፤ ብራዚላዊው የኳስ ኮከብ የአገሩን ክለብ ፍላሜንጎን ተሰናብቶ፣ የብራዚል መንግሥት የስፖርት ኃላፊ ሆኖ ሠርቶ፣ በ1991 በ38 ዓመቱ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ላለ የብረት ፋብሪካ ቡድን ፈረመ። ለጡረታ የሚሄድ ሰው እንደዚያ አይናደድም። ልምምድ ላይ ቀልድ አያውቅም ነበር። የጫማ አያያዝ ሳይቀር ይቆጣጠራል። ለእርሱ ፕሮፌሽናል መሆን ከዚያ ነው የሚጀምረው።

ግንቦት 1993 የመጀመሪያው ጨዋታ ናጎያን 5 ለ 0። ናጎያ ውስጥ እኮ እንግሊዛዊው ጎል አዳኝ ጋሪ ሊኒከር ነበር። የዚያን ቀን ግን ያወሩት ስለ ዚኮ ነው፤ በ40 ዓመቱ ሃትሪክ ሠራ። ሁለቱን አልሲንዶ አገባ። በዚያው ዓመት የውድድሩን የመጀመሪያ አጋማሽ ካሺማ አሸነፈ። ለአዲስ ክለብ እንዲያ ያለ ጅምር ያየ ካለ ይንገረኝ።

ጥያቄ፦ ኳስ ላይ ተፋ የሚባለውስ?

እውነት ነው። ጥር 1994፣ የሁለቱን አጋማሾች አሸናፊዎች ያገናኘው የሻምፒዮናው የመልስ ጨዋታ፣ ቶኪዮ። ተጋጣሚው የጃፓናዊው ኮከብ የካዙ ሚዩራ ቡድን ቨርዲ ካዋሳኪ። ካሺማ በመጀመሪያው ጨዋታ 2 ለ 0 ተሸንፏል። በመልሱ ለቨርዲ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። ዚኮ ንድድ አለውና ወደ ተቀመጠችው ኳስ ሄዶ ተፋባት። ሁለተኛ ቢጫ፣ ወጣ። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ፤ ዋንጫው የቨርዲ ሆነ። ነገሩ አስቀያሚ ነው፤ ደጋፊ ስለሆንኩ አላሳምረውም።

ጥያቄ፦ በአጭሩ ስንት ዋንጫ አለው?

ሊጉን 9 ጊዜ፦ 1996፣ 1998፣ 2000፣ 2001፣ 2007፣ 2008፣ 2009፣ 2016 እና 2025። የንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫ 5፣ የሊግ ካፕ 6፣ የእስያ ሻምፒዮንስ ሊግ 1። ድምሩ 21፤ ጃፓን ውስጥ ይህን የሚያህል የለም። በ2000 በቶኒኞ ሴሬዞ አሰልጣኝነት ሦስቱንም የአገር ውስጥ ዋንጫ በአንድ ዓመት ጠራርጎ ወሰደ፤ ከዚያ በፊት ያን ያደረገ አልነበረም። ከ2007 እስከ 2009 ደግሞ በኦስዋልዶ ደ ኦሊቬራ ሥር ሦስት ዓመት በተከታታይ።

ለእኔ ግን ጣፋጩ 2007 ነው። የመጨረሻዎቹን 9 ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። በመጨረሻው ቀን መሪው ኡራዋ ቀድሞ መውረዱ በተረጋገጠው በዮኮሃማ ኤፍሲ ተሸነፈ፤ ካሺማ ሺሚዙን 3 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ነጠቀ። አማካዩ ኦጋሳዋራ ከጣሊያኑ ክለብ መሲና በዓመቱ አጋማሽ ባይመለስ ኖሮ ይህ የሚሆን አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ እኔ የኡራዋ ደጋፊ ነኝ። የ2016ቱን ዋንጫ ሰርቃችኋል። መልስ ስጠኝ!

ወንድሜ፣ ሕመምህ ይገባኛል። ላላወቁት ልንገር። በ2015 እና 2016 ሊጉ በሁለት ምዕራፍ ተከፍሎ፣ መጨረሻ ላይ የሻምፒዮና ጨዋታ ይደረግ ነበር። በ2016 በዓመቱ ድምር ኡራዋ 74 ነጥብ ይዞ አንደኛ ነው። ካሺማ 59 ይዞ ሦስተኛ ነው። የ15 ነጥብ ልዩነት! ግን ካሺማ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ስላሸነፈ ገባ። ካዋሳኪን 1 ለ 0 አስወጣ። ከኡራዋ ጋር በሜዳው 1 ለ 0 ተሸነፈ፣ ኡራዋ ሜዳ ሳይታማ ሄዶ በካናዛኪ ሁለት ጎሎች 2 ለ 1 አሸነፈ። ድምሩ 2 ለ 2 ነው፤ ከሜዳ ውጭ ብዙ ያገባ ያልፋል በሚለው ሕግ ዋንጫው የእኛ።

ስርቆት አይደለም፤ ደንቡ ቀድሞ የታወቀ ነው። ፍትሐዊ ነበር ወይ ካልከኝ ግን አልነበረም። ሊጉም በቀጣዩ ዓመት ያንን አሠራር ተወው። በ2017 ደግሞ ተራው የእኛ ሆነ፤ ከካዋሳኪ ጋር እኩል 72 ነጥብ ይዘን በጎል ክፍያ ዋንጫውን አጣን። በመጨረሻው ቀን ኢዋታ ላይ አንዲት ጎል ጠፋች፣ 0 ለ 0።

ጥያቄ፦ ሪያል ማድሪድን ሊያሸንፉ የነበሩት እነሱ ናቸው አይደል? እስቲ አጫውተን።

ይህን ስጠብቅ ነበር። ያው በ2016፣ ያ አወዛጋቢ ዋንጫ ከተበላ ከአምስት ቀን በኋላ፣ ካሺማ የአዘጋጅ አገር ሻምፒዮን ሆኖ ወደ ክለቦች የዓለም ዋንጫ ገባ። ኦክላንድ ሲቲን 2 ለ 1። ከዚያ የአፍሪካውን ሻምፒዮን ማሜሎዲ ሰንዳውንስን 2 ለ 0፤ በመጀመሪያው አጋማሽ ግን ሰንዳውንስ ቁም ስቅላችንን አሳይቶናል። በግማሽ ፍጻሜ የኮሎምቢያውን አትሌቲኮ ናሲዮናልን 3 ለ 0። በፊፋ ውድድር በቪዲዮ ዳኝነት የተሰጠው የመጀመሪያው ፍጹም ቅጣት ምት እዚያ ጨዋታ ላይ ነበር፤ ዶይ አገባው።

ፍጻሜው ዮኮሃማ ላይ ነው። ቤንዜማ በ9ኛው ደቂቃ ሲያገባ «አለቀልን» ያላለ የለም። ሺባሳኪ ከእረፍት በፊት አቻ አደረገ። ከእረፍት መልስ በ52ኛው ደቂቃ ራሱ ሺባሳኪ ተከላካዮቹን አልፎ በግራ እግሩ ደገመ። 2 ለ 1! ሮናልዶ በፍጹም ቅጣት ምት አቻ አደረገ።

አሁን ወደ ዳኛው። ዛምቢያዊው ጃኒ ሲካዝዌ ነው። በ2022 የአፍሪካ ዋንጫ የቱኒዚያና የማሊን ጨዋታ 90 ደቂቃ ሳይሞላ የጨረሰው፣ እሱ ራሱ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ቢጫ የነበረበት የማድሪዱ ተከላካይ ራሞስ ጥፋት ሠራ። ሲካዝዌ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ሁላችንም ሁለተኛውን ቢጫ ጠበቅን። እጁን ባዶውን መለሰው። በተጨማሪው ሰዓት ሮናልዶ ሁለት ጨመረና 4 ለ 2 አለቀ። ማድሪድ በ10 ሰው ቢጫወት ያሸንፍ ነበር ወይ? ምናልባት። ግን ማየት ይገባን ነበር።

ሺባሳኪ ከዚያ በኋላ ስፔን ገባ። ጌታፌ ሳለ ባርሴሎና ላይ ያገባትን ቮሊ ፈልጋችሁ እዩ። በ2023 ወደ ካሺማ ተመልሷል።

ጥያቄ፦ በታሪኩ ወርዶ ያውቃል?

አያውቅም። ከ1993 ጀምሮ ሳይወርዱ የቆዩት ካሺማና ዮኮሃማ ኤፍ ማሪኖስ ብቻ ናቸው። ከቀሩት መሥራቾች ፍሉገልስ ፈርሷል፣ ሌሎቹ አንድም ብዙም ጊዜ ወርደዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከካሺማ ጋር ዋንጫ ይቀባበል የነበረው ጁቢሎ ኢዋታ ስንት ጊዜ ወጥቶ ወረደ።

ጥያቄ፦ በ2011ዱ የመሬት መንቀጥቀጥ ጉዳት ደርሶበት ነበር?

ስታዲየሙ ተጎድቶ ክለቡ ለጊዜው ቶኪዮ ብሔራዊ ስታዲየም ላይ እንደ ሜዳው ተጫውቷል። የኢዋቴ ልጅ የሆነው ኦጋሳዋራ ደግሞ በሱናሚ ለተመታው ለትውልድ አካባቢው እርዳታ በማስተባበር ብዙ ደክሟል። ከሜዳ ላይ ሥራው ይልቅ በዚህ የሚያከብሩት ብዙ ናቸው። በዚያው ዓመት ክለቡ የሊግ ካፑን በላ።

ጥያቄ፦ ከ2016 በኋላ ምን ነካው? ባለቤቱስ አሁን ማን ነው?

በ2018 የኢራኑን ፐርሴፖሊስ በድምር ውጤት 2 ለ 0 አሸንፎ የእስያን ሻምፒዮንስ ሊግ ወሰደ። ከዚያ ድርቅ መታው። ዋናው ምክንያት አውሮፓ ነው። ልጆቹ ገና ሃያ ዓመት እንደሞላቸው ይወሰዳሉ። እንደ ድሮው አንድ ትውልድ አሥር ዓመት አብሮ አይጫወትም። ሁለተኛው የአሰልጣኝ መቀያየር ነው። ለዘመናት ብራዚላዊ ይዞ የኖረ ክለብ በ2022 ስዊዘርላንዳዊውን ሬኔ ቫይለርን አመጣ፤ ዓመቱን እንኳ ሳይጨርስ ተሰናበተ። ለእኔ ያ ዘመን የግራ መጋባት ዘመን ነው።

ባለቤትነቱም በ2019 ተቀየረ። ያገለገሉ ዕቃዎች በስልክ የሚሸጡበት ሜርካሪ የተባለ ኩባንያ አብላጫውን ድርሻ ከብረት ኩባንያው ገዛ።

መፍትሔው ቤት ውስጥ ተገኘ። ቶሩ ኦኒኪ በ1990ዎቹ የካሺማ ተጫዋች ነበር። በአሰልጣኝነት ግን ካዋሳኪን አራት ጊዜ ሻምፒዮን ያደረገ ሰው ነው። በ2025 መጣ፣ በመጣበት ዓመት ዋንጫውን አነሳ። በመጨረሻው ቀን ማሪኖስን 2 ለ 1 አሸንፎ፣ ካሺዋን በ1 ነጥብ በልጦ።

ጥያቄ፦ ስታዲየሙ ሄዶ ማየት ይቻላል? ምግብስ አለ?

እህቴ፣ ይቻላል፤ ከቶኪዮ አውቶቡስ አለ። አሁን 40,000 ገደማ ይይዛል፤ ለ2002 የዓለም ዋንጫ ተስፋፍቶ ነው። ውጭው ላይ የዚኮ ሐውልት አለ። ምግቡ የታወቀ ነው፤ ሞትሱኒ የሚሉት የአንጀትና የሆድ ዕቃ ወጥ አለ፣ በብርድ ቀን ሰው የሚሰለፈው ለእሱ ነው። ሥጋው የአሳማ ነውና የማትበዪ ከሆነ ሌላ ነገር ምረጪ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ሆኜ ልከታተል ብል ሰዓቱ ይመቻል?

ጃፓን በ6 ሰዓት ትቀድመናለች። እነሱ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሲጀምሩ በእኛ ቀን ሰባት ሰዓት ነው፤ ከምሳ ጋር ይሄዳል። አንድ ነገር ግን ልብ በል፤ ሊጉ እስከ ዛሬ የሚጀምረው የካቲት ላይ ነበር። ከነሐሴ 2026 ጀምሮ ግን እንደ አውሮፓ በክረምታችን ይጀምራል።