እናቴን የያዛት የመገጣጠሚያ በሽታ ለእኔም ይተርፋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ31 ዓመት ሴት ነኝ። እናቴ ሩማቶይድ አርትራይተስ አለባት። መጀመሪያ ላይ «ብርድ ነው» እየተባለ ብዙ ጊዜ ባከነ። አሁን ጣቶቿ ተጣመዋል፤ ሽንኩርት መላጥ እንኳ ያቅታታል። የሚገርመኝ ግን አክስቴ ነች። ከእናቴ ጋር መንታ ናቸው፣ መልካቸው ቁርጥ አንድ ነው፤ እሷ ምንም የላትም። በሽታው የዘር ከሆነ እንዴት ሳይነካት ቀረ? እኔስ? ውጭ አገር ያለው ወንድሜ የዲኤንኤ መመርመሪያ ልላክልሽ እያለኝ ነው። ልቀበለው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ።

ስለ አክስትዎ ያነሱት ነገር የጥያቄዎን ግማሽ ይመልሳል። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ጂናቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። በሽታው በጂን ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ አንዷን ይዞ ሌላዋን አይተውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 በእንግሊዝ በመንትዮች ላይ የተሠራ ጥናት ወጥቶ ነበር። ከአንድ እንቁላል ከተገኙ መንትዮች አንዱ ሲታመም፣ ሌላውም ታሞ የተገኘው ከ100 በ15 ገደማ ብቻ ነው። ከሁለት እንቁላል በተገኙት ላይ ደግሞ ወደ 4 ገደማ ይወርዳል። ልዩነቱ ዘር ቦታ እንዳለው ያሳያል። ያው ቁጥር ግን ብዙዎቹ ያንኑ ጂን ይዘው በጤና እንደሚኖሩ ይናገራል። አክስትዎ ከእነዚህ አንዷ ናቸው።

ታዲያ የሚወረሰው ምንድን ነው? በሽታው ሳይሆን ለበሽታው ተጋላጭነት ነው። ከሁሉም ትልቁን ድርሻ የያዘው በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ኤች ኤል ኤ ዲ አር ቢ 1 የሚባል ጂን ነው። ይህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን እንደ ትሪ ነው ማለት ይቻላል። የፕሮቲን ቁርጥራጮችን ይዞ ለሰውነት መከላከያ ሴሎች ያቀርባል፤ እነሱም «ይሄ የኛ ነው፣ ይሄ ባዕድ ነው» ብለው ይለያሉ። የጂኑ ዓይነት ከሰው ሰው ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1987 ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ፦ በሕመምተኞች ላይ በብዛት የሚገኙት የጂኑ ዓይነቶች፣ አምስት አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ቅንጣቶች) ባሉባት አንዲት ትንሽ ቦታ ላይ ይመሳሰላሉ። እንዲህ ያለው ትሪ መልካቸው የተለወጠ የገዛ ራሳችንን ፕሮቲኖች አጥብቆ ይይዛል። መከላከያችን ባዕድ መስለውት ፀረ እንግዳ አካል ያመርትባቸዋል። ይህ ፀረ እንግዳ አካል ሕመሙ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት ደም ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ፕሮቲኖቹን ምን ይለውጣቸዋል? በደንብ ከተጠኑት አንዱ ሲጋራ ነው። ጭሱ ሳንባ ውስጥ ይህን ለውጥ ያፋጥናል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከስዊድን የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ያንን የጂን ዓይነት ከእናትም ከአባትም ወርሶ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው፣ ጂኑም ከሌለው ከማያጨስም ሰው ጋር ሲነጻጸር ፀረ እንግዳ አካሉ ያለበት ዓይነት ሩማቶይድ የመያዝ ዕድሉ ወደ 21 እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ የሚያጨሱ ከሆነ እባክዎን ዛሬውኑ ያቁሙ። ጂንዎን መለወጥ አይችሉም፣ ይህን ግን ይችላሉ።

የእርስዎን ዕድል በቁጥር ልንገርዎ። ሩማቶይድ ከ100 ሰው ቢበዛ አንዱን ይይዛል፤ ሴቶች ላይ ከወንዶች ሁለት ሦስት እጥፍ ይበዛል። እናት፣ አባት ወይም እህት ወንድም ታሞ ከሆነ ዕድሉ በግምት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ሦስት እጥፍ ሲባል ያስደነግጣል። ነገር ግን እንደ እርስዎ ካሉ ሰዎች ብዙዎቹ በዚህ በሽታ ሳይያዙ ይኖራሉ።

ወንድምዎ ሊልክልዎ ያሰበውን እኔ አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ2014 ከ100,000 በላይ ሰዎች የተካተቱበት ጥናት ከበሽታው ጋር የተያያዙ 101 የጂን ቦታዎችን ዘርዝሯል። አብዛኞቹ ለየብቻቸው የሚጨምሩት ስጋት ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ጥናቶቹ በብዛት የተሠሩት በአውሮፓና በእስያ ሰዎች ላይ ነው። ለምሳሌ ፒ ቲ ፒ ኤን 22 የሚባለው ጂን ላይ ያለው ለውጥ በአውሮፓውያን ዘንድ የታወቀ ነው፤ በአፍሪካውያን ላይ ግን እምብዛም አይገኝም። ውጤቱ «የለብሽም» ቢል ያዘናጋዎታል፣ «አለብሽ» ቢል በከንቱ እንቅልፍ ይነሳዎታል።

ከዚያ ይልቅ እጅዎን ይከታተሉ። ጠዋት ሲነሱ ጣቶችዎ ከግማሽ ሰዓት በላይ አልታጠፍ ካሉ፣ የሁለቱም እጆች አንጓዎች ካበጡ፣ ቀለበት አልወጣ ካለ፣ ሰው ሲጨብጥዎ ካመመዎት «ብርድ ነው» ብለው አይለፉት። ሳምንታት ካለፉ የውስጥ ደዌ ሐኪም ይዩ፤ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ በሽታዎች) ሐኪም ከተገኘማ ሳይዘገዩ ይሂዱ። እናቴ ይህ በሽታ አለባት ብለው መናገርዎን አይርሱ። ደም ሲመረመር ከላይ ያነሳሁትን ፀረ እንግዳ አካል የሚፈልገው አንቲ ሲ ሲ ፒ የሚባለው ምርመራ ቢጨመር ጥሩ ነው። አር ኤፍ (ሩማቶይድ ፋክተር) የሚባለው የተለመደው የደም ምርመራ ብቻውን አይበቃም፤ በሌላ ኢንፌክሽን ምክንያትም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል።

ስለ እናትዎም አንድ ነገር ልበል። ከፋርማሲ እየተገዛ የሚወሰደው ዲክሎፊናክ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ መገጣጠሚያው እንዳይበላሽ አይከላከልም። ያን የሚያደርጉት እንደ ሜቶትሬክሴት ያሉ መድኃኒቶች ናቸው። ሜቶትሬክሴት ለሩማቶይድ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በስህተት በየቀኑ ከተዋጠ ለሕይወት ያሰጋል፤ የሚወስዱ ከሆነ ቀኑን አብረዋቸው ይያዙ። የተጣመመው ጣት በመድኃኒት አይቃናም። ገና ያልተጎዱት መገጣጠሚያዎች ግን አሁንም መትረፍ ይችላሉ። እናትዎ ክትትል አቋርጠው ከሆነ በዚህ ሳምንት ይዘዋቸው ይሂዱ።