ፈታኝ ሁኑ ሲሏችሁ እሺ በሉ

ልጆቼ፣ እናንተ ወጣት ሐኪሞች፣ ዛሬ ስለ ፈተና ልጻፍላችሁ። ስለምትፈተኑት አይደለም፤ ስለምትፈትኑት ነው።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት እዚሁ ጅማ፣ በውስጥ ደዌ ሕክምና ነው። ነገ ጠዋት ራውንድ ስትወጡ፣ አልጋ ለአልጋ እየዞራችሁ ስታዩ፣ የሕመምተኞቹን ዕድሜ ልብ ብላችሁ አንብቡ። ሰባ፣ ሰባ አምስት፣ ሰማንያ። ከማና፣ ከሰቃ፣ ከአጋሮ የመጡ እናቶችና አባቶች ናቸው። ብዙዎቹ የተወለዱበትን ዓመት በትክክል አያውቁትም። ዋርዱ፣ የተኝቶ ታካሚዎች ክፍሉ፣ በአረጋውያን ተሞልቶ ሳለ ፈተናችን ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሉም። ተማሪ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይሄ ይመጣል?» ብሎ ነው። የማይመጣውን አያነብም። አልፈርድበትም፣ እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ፈታኝ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ለፈተናው የተመረጡት ሕመምተኛ ወድቀው የመጡ አንዲት አኮ (በአፋን ኦሮሞ አያት ማለት ነው) ነበሩ። ልጃቸው አጠገባቸው ቆሟል። ትራሳቸው ሥር መድኃኒት የታጨቀበት ፌስታል አለ። ተፈታኙ ጎበዝ ልጅ ነው። ታሪካቸውን ከልጃቸው ጠየቀ፣ ልባቸውን አዳመጠ፣ የሰማውን ድምፅ በጥሩ እንግሊዝኛ አብራራልኝ። ደም ግፊታቸውን እንደተኙ ለካ። አኮን ራሳቸውን አንድም ነገር አልጠየቃቸውም። ፌስታሉንም አልነካም። እኔ ቼክሊስቱን፣ የነጥብ መስጫ ዝርዝሩን፣ እያየሁ ምልክት አደረግኩለት፤ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ምንም አልቀረው።

ልወጣ ስል አኮ የጋዋኔን እጅጌ ያዙኝ። በአፋን ኦሮሞ «ስነሳ እኮ ያዞረኛል» አሉኝ።

ደግፈን አስነሳናቸው፤ ለካን። ተኝተው 150 የነበረው የላይኛው ግፊት ቆመው 118 ሆነ። ቆሞ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ችግር መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ፌስታሉን አልጋው ላይ ዘረገፍኩት። ሁለት ክሊኒክ፣ በሁለት ስም፣ ያው አንድ የግፊት መድኃኒት ሰጥቷቸዋል። በዚያ ላይ ለእንቅልፍ ተብሎ ዳያዜፓም። አኮን የጣላቸው ይሄ ነው።

ተፈታኙ አላጠፋም። ቼክሊስቱ ላይ «አስነስቶ ለካ» የሚል መስመር አልነበረም። የጻፍነው እኛ ነን። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እንግሊዝ አገር በ1935 ማርጀሪ ዋረን የምትባል ሐኪም ዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል ውስጥ «አይድኑም» ተብለው አልጋ ላይ የተተዉ አረጋውያንን ተረከበች። አንድ በአንድ መረመረቻቸው፤ ብዙዎቹ ተነስተው ሄዱ፣ ቤታቸው ገቡ። የአረጋውያን ሕክምና ሙያ ከዚያ አድጎ ዛሬ የራሱ ፈተና አለው። የስፔሻሊስቶቹ የጽሑፍ ፈተና 200 ጥያቄ ነው፣ በሁለት ወረቀት። ጥያቄዎቹን የሚያዘጋጁት ቀን ቀን ሕመምተኛ የሚያዩ ሐኪሞች ናቸው። ፈተናውን ሕያው የሚያደርገው ይሄ ይመስለኛል።

«እኔ ገና ነኝ፣ ይሄ የፕሮፌሰሮች ሥራ ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ፕሮፌሰሩ ጠዋት ነው የሚመጣው። አባባ ማታ ሲቀባዥሩ፣ ግሉኮሳቸውን ነቅለው ከአልጋ ሲወርዱ ዲዩቲ ላይ የነበራችሁት እናንተ ናችሁ። ሽንታቸው ተዘግቶ እንደነበር ያገኛችሁትም እናንተ። እንዲህ ያለ የፈተና ጥያቄ ከእናንተ ካልመጣ ከማን ይመጣል? ዋርዱን ከማንም በላይ የሚያውቁት ነርሶችም ጥያቄ ሲጻፍ አጠገባችሁ ይቀመጡ።

ስትጽፉ ከመጽሐፍ ሳይሆን በዚያ ሳምንት ካያችሁት ሕመምተኛ ተነሱ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ አንድ ጓደኛችሁ ምርጫዎቹን ሳያይ ይመልሰው። መመለስ ካቃተው ጥያቄው ነው የተበላሸው። የማለፊያ ነጥብ ስትወስኑ ጎበዙን አታስቡ፤ ለጥቂት የሚያልፈውን አስቡ። እሱ ነው ነገ አንድ ጤና ጣቢያ ላይ ብቻውን የሚቆመው።

ስለ ይሉኝታ ደግሞ ላስጠንቅቃችሁ። የወዳጅ ልጅ፣ የሰፈር ልጅ ይመጣል። «እኔ እሱን አልፈትንም፣ ሌላ ሰው ይያዘው» በሉ። ሰው ይቀየም ይሆናል፤ ይቀየም። ድካምም አለ። ከአሥረኛው ተፈታኝ በኋላ ነጥብ የሚሰጠው እጅ ወይ ይላላል ወይ ይጠብቃል፤ እኔ ላይ ደርሷል። ቡና ጠጡና ተመለሱ።

አበሉ ትንሽ ነው። የግል ክሊኒክ ገቢያችሁንም ይነካል። ይሄን አልደብቃችሁም።

በሚቀጥለው ዙር ሁለት መስመር እንዲጨመር ጠየቅኩ። አንዱ «አስነስቶ ለካ» ነው፤ ሌላው «መድኃኒቶቹን አውጥቶ አየ»። ተከራከሩኝ፣ ጊዜ አይበቃም አሉ፤ በመጨረሻ ተጨመረ። የዚያን ዙር ሦስተኛዋ ተፈታኝ ቀጭን ድምፅ ያላት ልጅ ነበረች፤ እንግሊዝኛዋም ይደናቀፋል። ወንበሩን ስባ ከአንድ አዛውንት አጠገብ ተቀመጠች። ፌስታላቸውን አስፈቅዳ ፈታች፣ ክኒኖቹን አንሶላው ላይ አንድ በአንድ ደረደረች። ከዚያ በራሳቸው ቋንቋ፣ ጎንበስ ብላ፣ «አባባ፣ ይሄን መቼ መቼ ነው የሚወስዱት?» አለቻቸው።