ሽንፈቱን የማይደብቅ ስፖርተኛ ፈልግ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። ስፖርት እወዳለሁ፣ ማንበብም እወዳለሁ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ግን አልሆነልኝም። የሁለት ታዋቂ ኳስ ተጫዋቾችን ግለ ታሪክ ገዝቼ ሁለቱንም ግማሽ ላይ ተውኳቸው። «2 ለ 0 አሸነፍን፣ ከዚያ ዋንጫ በላን፣ አሰልጣኜን አመሰግናለሁ» ብቻ ነው። ደህና የሚባል የስፖርተኛ ግለ ታሪክ አለ? ደግሞስ የሚጽፉት ራሳቸው ናቸው? ከኳስ ሌላ ምንም የማይታየው የ15 ዓመት ታናሽ ወንድምም አለኝ፤ እሱንም ማስነበብ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ አለ፣ ግን ብዙ አይደለም። አንተ የገጠሙህ ተጫዋቹ ጫማ ሳይሰቅል፣ ስሙ ሳይቀዘቅዝ ቶሎ ቶሎ የሚታተሙት ናቸው። ሰውየው ነገ ከነዚያው ልጆች ጋር መልበሻ ክፍል ይገባል፣ ደመወዙንም ያው ክለብ ነው የሚከፍለው፣ ታዲያ ምን ብሎ ሊጽፍ ነው? የማንቸስተር ዩናይትዱ ሮይ ኪን ተጋጣሚውን አልፊ ሃላንድን ሜዳ ላይ የመታው ቂሙን ለመወጣት እንደነበር በ2002 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) በመጽሐፉ ላይ ወጣና 5 ጨዋታ ታገደ፣ 150 ሺህ ፓውንድም ተቀጣ። ሌሎቹ ይህን አይተው አፋቸውን ቢዘጉ አይፈረድባቸውም።

እኔ አንድ መጽሐፍ ሳነሳ መጀመሪያ የማየው ሰውየው የተሸነፈበትን ቀን እንዴት እንደጻፈው ነው። በሁለት መስመር ካለፈው፣ እኔም መጽሐፉን አልፈዋለሁ።

በዚህ ሚዛን የቴኒስ ተጫዋቹን የአንድሬ አጋሲን «ኦፕን» (2009) የሚያህል አላገኘሁም። 8 ግራንድ ስላም (ትልልቆቹን የቴኒስ ዋንጫዎች) ያነሳ ሰው ገና ከመነሻው ቴኒስ እጠላለሁ ይልሃል፤ ለፉከራ ግን አይደለም። አባቱ ኳስ የሚተፋ ማሽን በግቢያቸው ተክለው በቀን 2,500 ኳስ ያስመቱት ነበር፤ በዓመት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ኳስ የመታ ልጅ አይሸነፍም የሚል ሂሳብ ነበራቸው። ከሁሉ የማይረሳኝ የ1990 የፈረንሳይ ኦፕን ፍጻሜ ነው። ያ ሁሉ ሰው የሚቀናበት ፀጉር ለካ ዊግ ኖሯል! ዋዜማውን ሻወር ሲወስድ ተበጣጠሰበት፣ በፀጉር መርፌ እንደ ነገሩ ተያይዞለት ሜዳ ገባ፣ ሲያሟሙቅ የሚጸልየውም እንዲያሸንፍ ሳይሆን ዊጉ እንዳይወድቅ ነበር። በአንድሬስ ጎሜዝ ተሸነፈ። በ1997 ዕጽ ወስዶ ሲያዝ ለቴኒሱ ማኅበር ዋሽቶ እንዳመለጠም ራሱ ነው የሚነግርህ፤ ማንም አስገድዶት አይደለም።

ማን ጻፈው ላልከው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ነው። የአጋሲን የጻፈው የፑሊትዘር (የአሜሪካ ትልቁ የጋዜጠኝነት ሽልማት) ተሸላሚው ጄ. አር. ሞሪንገር ሲሆን ስሙ ሽፋኑ ላይ እንዲወጣ እንኳ አልፈለገም። የዝላታን ኢብራሂሞቪችን «እኔ ዝላታን ነኝ» (2011) የጻፈው ዳቪድ ላገርክራንትስ ደግሞ ውስጡ ቃል በቃል የዝላታን የሆነ ንግግር የለም ማለት ይቻላል ብሏል። እኔን ይህ ብዙም አያስጨንቀኝም። ስፖርተኛው ታሪኩን ካልደበቀ፣ ጥሩ ጸሐፊ ቢያበጥርለት ምን አለበት?

ለወንድምህ ይኸው የዝላታን ይሁንለት። ማልሞ ውስጥ በስደተኞች ሰፈር ያደገ፣ ብስክሌት የሚሰርቅ፣ ቤቱ ሲገባ ፍሪጁ ባዶ የሚሆንበት ልጅ ነው፤ የ15 ዓመት ልጅ ይህን ከጀመረ አይተወውም። ጉራው ትንሽ ይበዛል፣ እሱን ቻለው። ቀለል ያለ ከፈለጋችሁ የአንድሪያ ፒርሎ አለላችሁ፤ የ2006 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ቀን ከሰዓቱን ተኝቶና ፕሌይስቴሽን ተጫውቶ አሳልፎ ማታ ዋንጫ ያነሳ ሰው ነው። (ሁለቱም እየተጫወቱ የጻፉት ነው፣ ከላይ ያልኩትን አፍርሰውብኛል።)

ለአንተ የጃኪ ሮቢንሰንን እጨምራለሁ። በ1947 የነጮች ብቻ የነበረውን የአሜሪካ ትልቁን የቤዝቦል ሊግ የሰበረ ጥቁር ነው። መጽሐፉ የወጣው በሞተበት በ1972 ነው፤ ያ ሁሉ ክብር ካለፈ በኋላ እንኳ የአገሩን ብሔራዊ መዝሙር ቆሞ መዘመር እንደማይችል ይናገራል። የቤዝቦልን ሕግ ባታውቅ ምንም አይጎድልብህም።

የብስክሌት ተወዳዳሪውን የላንስ አርምስትሮንግንም አንብብ፣ ግን ለብቻው አይደለም። በ2000 የወጣው መጽሐፉ ከካንሰር ተነስቶ ትልቁን የብስክሌት ውድድር ቱር ደ ፍራንስን ስላሸነፈ ሰው ነው፤ እኔም ያኔ አምኜ አልቅሼበታለሁ። በ2012 ሰባቱንም ድሎች ተነጠቀ፣ በ2013 አበረታች መድኃኒት ይወስድ እንደነበር አመነ። የቡድን ጓደኛው ታይለር ሃሚልተን በ2012 ባወጣው መጽሐፍ ደግሞ በ1999ኙ ቱር ላይ መድኃኒቱን በሞተር ብስክሌት እየተከተለ የሚያደርስላቸው አትክልተኛ እንደነበር ይተርካል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣቸውና የአርምስትሮንግን 1999 እንደገና አንብበው፣ ያኔ ዝም ያለባቸውን ቦታዎች ታገኛቸዋለህ።

ግማሽ ላይ የተውካቸውን ሁለቱን ደግሞ አትጨርሳቸው። መሃል ላይ ያሉትን ፎቶዎች እይና ለወደደ ስጥ።